ከእኔ በፊት የነበረችው

ከእኔ በፊት በዚህ ቤት የሠራችውን ሴት በዓይኔ አይቻት አላውቅም። የገባሁ ሰሞን ግን እንደሷ የጠላሁት ሰው አልነበረም። ድስት ባነሳ የሷ ድስት፣ መጥረጊያ ብይዝ የሷ መጥረጊያ። ሩዝ ሠርቼ ሳቀርብ የቤቱ ሰው ቀምሶ ዝም ይላል፤ ዝምታው «የሷን አያህልም» ማለት መሆኑን ለማወቅ ሶማልኛ አያስፈልግም። እኔ ደግሞ ከሰው ጋር ሲያወዳድሩኝ ደሜ ይፈላል። ልጅ ሆኜ እናቴ «ከታላቅ እህትሽ ተማሪ» ባለችኝ ቁጥር ሆን ብዬ ወጡን አሳርር ነበር።

ቤቱ ሐርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር ነው። የሚኖሩበት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ አሮጊት ናቸው፤ ቤተኛውም ጎረቤቱም አዬዮ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደ ማለት ነው። ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም፤ አልጋ ላይ ናቸው። ሁለተኛዋ ሴት ልጃቸው ነች፤ ቡርዖ ከተማ ትኖር ነበር፣ እናቷ ሲታመሙ ጠቅልላ መጣች። አስተማሪ ስለሆነች ጠዋት ወጥታ ከሰዓት ትመለሳለች። አዬዮ በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተው ጅግጅጋ ብዙ ዓመት ጨርቅ ሲነግዱ ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ። የተሰባበረ አማርኛ ነው፤ ዒላማውን ግን አይስትም።

ሥራውን ያገኘችልኝ መሐመድ ሞጌ ሰፈር የምትኖር ያገራችን ሴት ነች፣ የቤት ሠራተኛ ደላላ። «የድሮዋ ጠቅልላ አገሯ ገብታባቸው ነው፤ እንደሷ ያለች ነው የሚፈልጉት» አለችኝ። እንደሷ ያለች ማለት ንጹሕና ታታሪ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ያደግኩት ወሎ፣ ደሴ ዙሪያ ነው። እዚያ ከሙስሊም ጋር መኖርን ማንም ለማንም አያስተምርም። ኢድ ሲሆን እነሱ ቤት ነን፣ ፋሲካ ሲሆን እኛ ቤት ናቸው፤ ድግስ ከሆነ ለነሱ ለብቻ ለእኛ ለብቻ ይታረዳል፣ ጨዋታው ግን አንድ ዳስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ቢስሚላሂውንም ኢንሻአላሁንም። ጅግጅጋ ምግብ ቤት ስሠራ የነበሩት ልጆች ደግሞ «ሐርጌሳ ስትገቢ ሙስሊም ነኝ በይ፣ ሥራ ቶሎ ይገኛል» ብለውኛል። ቶጎ ውጫሌ ድንበሩ ላይ ማተቤን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ሻሼን እስከ ግንባሬ አወረድኩት፣ በቃ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኔም ይነጠፍልኛል ብዬ ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጅየዋ ነበረች። «ሙስሊም ነሽ?» አለችኝ። «አልሐምዱሊላሂ» አልኳት፣ ዓይኔን እንኳ ሳላሽ። ፊቷ ጠቆር አለ። አጭር ስለሆንኩ፣ እናቴን እንዴት ታነሳለች ብላ ነው ብዬ ተንጠራራሁላት። አስገባችኝ፤ ነገር ግን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁርጡን ነገረችኝ። እናቷ ከተቀበሉኝ እቀጥላለሁ፤ ካልተቀበሉኝ ወሩ ሲያልቅ ሌላ ትፈልጋለች። ደሴ እህቴ ጋ የተውኳት ልጅ አለችኝ፣ ያን ዓመት አንደኛ ክፍል የገባች። ይህ ቤት ካልያዘኝ የምመለሰው ባዶ እጄን ነበር።

አዬዮ አልተቀበሉኝም።

ምግብ ከእጄ ይበላሉ። አንሶላ ስቀይር ይገላበጡልኛል። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ግን አያስነኩኝም። ለሶላት መታጠብ አለ፤ እጅ፣ አፍ፣ ፊት፣ ክንድ፣ እግር፣ እሳቸው ደግሞ ያለ ሰው እርዳታ አይችሉም። ልጃቸው ቤት ስትሆን እሷ ታጥባቸዋለች። እሷ በሌለችበት ሰዓት ራስጌያቸው አጠገብ አንድ ሳህን ንጹሕ አሸዋ አለ። ውሃ ላጣ ወይም መታጠብ ላልቻለ ሰው አሸዋ ይፈቀድለታል። በደህናው እጃቸው አሸዋውን መታ አድርገው ፊታቸውን ያብሱና ተኝተው ይሰግዳሉ። እኔ ታዲያ የት ነኝ? ለብ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዤ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ አጠገባቸው ቆሜያለሁ! ውሃ ተገትሮ እያለ አሸዋ! ሲሰድቡኝ ቢውሉ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና «አዬዮ፣ እጄ ቆሻሻ ነው?» አልኳቸው።

«ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ለምን አላጥብዎትም?»

«ያቺ ታጥበኝ ነበር» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያቺ! ወጥ ቤት ገብቼ ድስቶቿን አንድ በአንድ እያጋጨሁ አጠብኳቸው።

ከቤት ወጥቼ እንኳ አላመለጥኳትም። ከበራችን ፊት ለፊት ጥላ ዘርግታ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። እዚህ አገር ሻይ ማለት በወተት ነው። በገባሁ በመጀመሪያው ረቡዕ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ሴትዮዋ ሳትጠይቀኝ ወተት የሌለውን ቀይ ሻይ ቀዳችልኝ። በወተት ነው የምፈልገው አልኳት፣ ጅግጅጋ በለቀምኳት ሶማልኛ። «ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ?» አለችኝ። «የዚያ ቤት ልጅ ረቡዕና ዓርብ ወተት አትጠጣም ነበር።» እኔ ሙስሊም ነኝ አልኳት። ይቅርታ ጠይቃ በወተት ቀየረችልኝ። የሐርጌሳ ሻይ ሻጭ የእኔን ጾም እየቆጠረችልኝ፣ እኔ ወተቱን ጠጣሁ። ለምላሴ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ በታች ግን አልወረደልኝም።

ያን ጊዜ ነው ያቺ ሴት ክርስቲያን እንደነበረች ያወቅኩት። እኔ ሸሽጌ የገባሁትን እሷ ግልጡን ይዛ ኖራለች። በዚህም ተናደድኩባት። አንቺ እንዴት ቻልሽ? እኔ የማልችለው ምን ስለሆንኩ ነው? ሥጋውንም እበላ ነበር፤ «የፍየል ሥጋ የትም አገር የፍየል ሥጋ ነው» እያልኩ ራሴን አስተኛሁት። ወሎ ያሉት ዘመዶቼ ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አዬዮ ጠሩኝ። የወንድማቸው ልጅ ከገጠር ወተት ልኮላቸዋል። «ጠጪ» ብለው በደህናው እጃቸው ኩባያውን ሰጡኝ። አሸተትኩት፤ ጭስ ጭስ ይላል።

«የምን ወተት ነው?»

«የግመል። ለሙስሊም ልጅ በረካ ነው።»

የኛን አገር ሰው ለሚያውቅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለማያውቅ ግን ልንገር፤ እኛ ዘንድ የግመል ወተት የሚጠጣ ክርስቲያን የለም። ማንም በመጽሐፍ አስደግፎ አልነገረኝም፤ ከእናቴ ወተት ጋር የገባ ነገር ነው። ቢስሚላሂ አልኩና ተጎነጨሁ። አፌ ውስጥ ገባ፣ ጉንጬን ሞልቶ ቆመ። ልዋጠው እላለሁ እምቢ፣ አዬዮ ፍጥጥ ብለው ያዩኛል፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መጨረሻ ላይ ግቢ ሮጬ ወጥቼ ተፋሁት።

አፌን ጠርጌ ስመለስ ትራሳቸውን ተደግፈው እንደተቀመጡ ነበሩ።

«ክርስቲያን ነሽ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

መፍራት ሲገባኝ ቁጣዬ መጣ። «አዎ ነኝ! ማተቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው! ከፈለጉ ያባርሩኝ እንጂ በወተት ምን ያሰቃዩኛል?»

አዬዮ ሳቁ። አንደኛው የከንፈራቸው ጎን ብቻ ነው የሚስቀው። «ክርስቲያን እኮ እኛ ነው የጠየቅነው» አሉኝ። «ልጄ ለደላላዋ አለቻት፣ እንደ ያቺ አምጪ፣ ረቡዕ የምትጾም። አንቺ መጣሽ፣ ሙስሊም ነኝ አልሽ።»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ የልጅየዋ ፊት ለምን እንደጠቆረ አሁን ገባኝ። በውሸቴ የሸሸግኩት፣ ሰዎቹ የፈለጉትን ያንኑ ነገር ነበር! ሌላ አገር ሌላ ሰው እንዲህ ዓይነት ስሕተት ይሠራ ይሆን እንጃ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«መጀመሪያ ቀን። ስትበይ እጅሽ ግንባርሽ ይደርሳል፣ ከዚያ ትደነግጫለሽ፣ ሻሽ ታስተካክያለሽ።»

«ለዚህ ነው የማያስነኩኝ?»

«ለሶላት የምታጥበኝ እጅ የክርስቲያን ትሁን፣ እሺ። የውሸት ግን አትሁን። አላህ ፊት ልቆም ነው። በውሸት ታጥቤ?»

አዬዮ ስለ ያቺ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አወሩኝ። ስለ ሃይማኖቷ አንድ ቀን አፏን ከፍታ አስረድታ አታውቅም። ወጥ ቤት ወደ ምሥራቅ ዞራ ትጸልያለች፣ ሰው ሲገባ ታቋርጣለች፣ ሰው ሲወጣ ትቀጥላለች። እሳቸው ከታመሙ በኋላ በየሶላቱ ታጥባቸውና ሰግደው እስኪጨርሱ በር ላይ ተቀምጣ ሰው እንዳይገባ ትጠብቃለች። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ደግሞ አንድ ልማድ ነበራት። አልጋቸው ሥር መጥታ ትንበረከክና «ያጠፋሁት ነገር ካለ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ» ትላቸዋለች። ከዚያ ወጥታ፣ ልጅየዋ ከመጣች ወዲህ ለሷም፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ለሻይ ሻጯ። ሰው ተቀይሟት ጾም አትጀምርም።

«የመጀመሪያውን ጊዜ ሳቅኩባት» አሉ አዬዮ። «ምን አጠፋሽ አልኳት። ነገረችኝ። ከባድ ነበር። ይቅር አልኩ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እህቴ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ናት፣ ዘጠኝ ዓመት አኩርፌያታለሁ። አንዲት ክርስቲያን ሠራተኛ ተንበርክካ ይቅር በይኝ ትላለች፣ እኔ ሐጅ ያደረግኩ ሴት እህቴን አላናግርም። ጠዋት ታክሲ ይዤ ሄድኩ።»

«ጥፋቷ ምን ነበር?» አልኳቸው። ባልጠይቅ ኖሮ እኔ አልሆንም ነበር።

«የሷ ነው» አሉ አጭር አድርገው።

አሁን እንግዲህ እኔም መንበርከክ ነበረብኝ፤ ያን ያህል አላጣሁትም። ግን ኩራት የሚባል ነገር አለ። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ለእራት የሚበቃውን ከትፌ፣ የነገውን ከትፌ፣ የከነገ ወዲያውንም ከተፍኩ። እያለቀስኩ እንደሆነ ሽንኩርቱ ሰበብ ሆኖልኛል። የማለቅሰው ለሥራው ብቻ አልነበረም። ያቺ ሴት እንደኔው ድንበር ተሻግራ፣ እንደኔው የሰው ቤት ጠርጋ፣ ሰፈሩ ሁሉ ረቡዕን በሷ እንዲያስታውስ አድርጋ ሄደች። እኔ ደግሞ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ አሮጊቷን ከውሃ ወደ አሸዋ አወረድኳቸው። አፈርኩ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

የአስር፣ የከሰዓቱ ሶላት አዛን ሲሰማ ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ ገባሁ። ማተቤን አንገቴ ላይ መልሼዋለሁ። መንበርከኩን አሳምሬ አላውቅበትም፤ ጉልበቴ አልጋው ብረት ላይ ተጋጭቶ ጮኸ።

«አዬዮ፣ ዋሽቻለሁ። በእግዜር ስምም በአላህ ስምም ዋሽቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ራሴ ላይ እጃቸውን ጣሉ። «ይቅር። አላህም ይቅር ይበልሽ» አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ሳህኑን እያሳዩኝ «ይሄን አሸዋ ግቢ ድፊው» አሉኝ።

ደፋሁት። ተመልሼ አጠብኳቸው። የማይታዘዘው ክንዳቸው ከማስበው በላይ ከባድ ነበር፤ ክርኑ ጋ ስደርስ እሳቸው ራሳቸው «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ» እያሉ አስተማሩኝ። ጣቶቻቸውን ለያይቼ፣ በየመሀሉ ውሃ አሳልፌ፣ እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አጥቤ አደረቅኩ። አልጋውን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ ገፋሁና በር ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ልጅየዋ ከሥራ ስትገባ እኔን በር ላይ፣ ባዶውን ሳህን ግቢ ውስጥ አየች። ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች። ወሩ አለቀ፣ ሌላ ሠራተኛም አልተፈለገም።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። ደስ ብሎኝ ነው የምኖረው፤ እንዲህ ማለት ምን ነውር አለው? ረቡዕ ሻይዬ ቀይ ነው። ሥጋ ሲሠራ ለእኔ ምስር ይቀቀላል፤ ልጅየዋ ምስሩን አንድ ጊዜ ራሷ ልሥራ ብላ ቅቤ ጨምራበት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ለራሴ ትቼዋለሁ። ጠባዬ ብዙም አልተሻለም። ከአዬዮ ጋር በቀን ሁለቴ እንጣላለን፤ ውሃው በረደ፣ ውሃው ፈጀ። ጾም ሲገባ ግን ይቅርታዬ ረጅም ነው፤ ሻይ ሻጯ «ያቺ ቶሎ ትጨርስ ነበር» እያለች ትስቅብኛለች። ሲያወዳድሩኝ አሁን ደሜ አይፈላም። ያቺ ሴት ቅድስት ነች፣ እኔ ሰው ነኝ ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ባለፈው ኢድ ስልኩ ጮኸ። ልጅየዋ ሰው ልትጠይቅ ወጥታለች፣ አዬዮ ሸለብ አድርጓቸዋል፣ እኔ አነሳሁት። እሷ ነበረች። በየኢዱ እንደምትደውል አውቃለሁ፣ ተነጋግረን ግን አናውቅም። ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ የተጫዋች ሴት ድምፅ ነው፤ እኔ ቀጭንና ዝግ ያለ አድርጌ ነበር የሣልኩት።

«አንቺ ነሽ አዲሷ?» አለችኝ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አዲሷ ነኝ፣ እትዬ። በእርስዎ ምክንያት አሮጌ ልሆን አልቻልኩም።»

ከት ብላ ሳቀች። ስትስቅ ልቤ ለቀቀላትና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ውሸቱን፣ አሸዋውን፣ ወተቱን። «እርስዎን የመሰለ ሰው በነበረበት ቤት በውሸት ገብቼ» አልኳት፣ «እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«አዬዮ አልነገሩሽም?» አለች።

«ምኑን?»

«እኔም እኮ ሙስሊም ነኝ ብዬ ነው የገባሁት። አንቺ አሥራ ሁለት ቀን ነው የዋሸሽው፤ እኔ ሰባት ወር። መስገጃ ሁሉ ገዝተውልኝ ነበር፣ በር ዘግቼ አነጥፈውና ሰግዳለች እንዲሉኝ እዚያው ቁጭ እል ነበር። ጾሙ ሲገባ ጭንቅ ያዘኝ። ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ ያሳስሩኝ ይሆናል፣ ያባርሩኛል ብዬ ጓዜን ሸክፌ ነው የሄድኩት። ‹ጓዝሽን ፍቺ› አሉኝ። ለልጃቸውም አልነገሩም?»

«ለማንም አልነገሩም፣ እትዬ።»

«ሃይማኖቴን ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው ብል» አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «ቄሱ ይቆጡኛል።»

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል አዬዮ ነቅተዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሚሰሙ እንጃ።

«ነገረችሽ» አሉኝ።

«ነገረችኝ።»

«ስንት ወር አለች?»

«ሰባት።»

«ዘጠኝ ነው» አሉ አዬዮ። «አፍራ ነው ሁለቱን የቀነሰችው።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር? ዘጠኙን ወር ሁሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እሷን ያን ያህል ታግሠው፣ እኔን በሁለተኛው ሳምንት ያስለፈለፉኝ ለምንድን ነው?» አልኩ። እውነት ለመናገር ትንሽ ቀንቻለሁ።

አዬዮ የማይታዘዘውን እጃቸውን በደህናው አንስተው ጭናቸው ላይ አስተካክለው አስቀመጡት።

«ያኔ በእግሬ እሄድ ነበር፣ ራሴ እታጠባለሁ፣ መጠበቅ እችላለሁ» አሉ። «አንቺ ስትመጪ ጊዜ አልነበረኝም። አንቺንም ሳላገኝሽ ልሞት ነበር።»